ፊት ማንሣትና ፊት መንሣት

የሰው ልጅ የሌላውን ሰው መልክ በብርሃን ጽፎ ማስቀረት ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ይኸውም የሰው ፊት የማን ነው የሚለው ነው። «የባለቤቱ ነዋ!» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የገዛ ፊቱን በቀጥታ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው መልኩን የሚያውቀው በውሃ፣ በመስተዋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሌሎች ሰዎች ዓይን አማካይነት ነው። ፊት ባለቤቱ ተሸክሞት የሚዞረው፣ ሌሎች ግን የሚያነቡት ደብዳቤ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ስለሆነም ፊት የግል ሀብት ብቻ አይደለም፤ ያገኘው ሁሉ የሚወስደው ሀብትም አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ጠብቆ መሄድ የፎቶግራፍ አንሺው የሥነ ምግባር ፈተና ነው።

ፈተናው የሚከብደው ጊዜ ሲያጥር ነው። ከዚያም ይበልጥ የሚከብደው ጊዜው ያጠረው በአስገዳጅ ሁኔታ ሳይሆን በጨዋታ፣ በወዳጆች ውድድር ምክንያት ሲሆን ነው። በልዩ ልዩ የዓለም ከተሞች «የፎቶ ማራቶን» የሚባሉ ውድድሮች ይካሄዳሉ፤ ተወዳዳሪዎች በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ ለተሰጧቸው ርእሶች በፎቶግራፍ መልስ ይሰጣሉ። ከመደበኛው ውድድር ውጭም ባልንጀራሞች ካሜራቸውን አንግተው በወጡበት ሁሉ «ማን ቀድሞ፣ ማን አሳምሮ» መባባላቸው የተለመደ ነው። ጨዋታው ንጹሕ ይመስላል። ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ግን ነገሩን ከሐሳብ አውርዶ ገበያ መሐል ማቆም ይበጃል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በበጋ ወራት የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢዎች በሣሩና በውሃው ዙሪያ ይሰባሰባሉ። በዞኑ ውስጥ ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ፣ ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ የታወቁ ናቸው። ስሟ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ የሆነው ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ሰኞ ሰኞ ይገናኝባታል፤ ገበያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይዋዋላል። የሰውን መልክ ለሚሻ ካሜራ ከዚህ የበለጠ ሜዳ ማግኘት ያዳግታል።

እንግዲህ ሁለት ባልንጀራ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ ሰኞ ማለዳ ከከሚሴ ተነሥተው ረፋዱ ላይ ባቲ ገበያ ደረሱ እንበል። «በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር የሰው ፊት፤ የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል» ተባብለው ተወራረዱም እንበል። አንድ ሰዓት ለአሥር ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ 6 ደቂቃ ይደርሳል። ለካሜራ 6 ደቂቃ እጅግ ብዙ ነው፤ መዝጊያው ተከፍቶ ለመዘጋት የሴኮንድ 125ኛ ክፍል ይበቃዋል። ለሰላምታ ግን 6 ደቂቃ ጥቂት ነው። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ በእነዚህ በሁለቱ የጊዜ መስፈሪያዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ይገኛል።

ውድድርን በጅምላ መኰነን አይገባም። የአገራችን ኪነ ጥበብ ራሱ በውድድርና በጊዜ ጥበት ተስሎ ያደገ ነው። የቅኔ ተማሪ በተሰጠው ጊዜ ቆጥሮ፣ ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ቅኔውን ይነግራል። አዝማሪ ግጥሙን ከአድማጩ አፍ ተቀብሎ ወዲያውኑ በዜማ ይመልሳል። በእንካ ስላንትያ ጨዋታ መልስ ያጣ ይረታል፤ ቢረታም ወዳጅነቱ አይሻክርም። ጊዜ ሲያጥር ትርፉ ይራገፋል፤ እጅና ዓይን ይሰላሉ፤ ችሎታ በልማድ ከተኛበት ይነቃል። የሁለቱ ባልንጀሮች ውርርድም ከዚህ ባሕል ጋር የሚዛመድ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በእንካ ስላንትያ ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ለጨዋታው ፈቅደው ገብተዋል፤ የሚፎካከሩበትም ቃል የማንም ንብረት አይደለም። በባቲው ውርርድ ግን ሦስተኛ ወገን አለ። ቅቤዋን ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት፣ ግመሉን የሚስበው ሽማግሌ፣ ከእናቱ ጎን የቆመው ሕፃን አልተወራረዱም። ቢያሸንፉ የሚያገኙት፣ ቢሸነፉም የሚከፍሉት ነገር የለም። ጨዋታው የሚካሄደው ግን በእነሱ ፊት ላይ ነው። ውድድሩ «የወዳጅነት» የተባለው በሁለቱ ባለ ካሜራዎች መካከል ስላለው ግንኙነት እንጂ ለተነሺዎቹ ስላላቸው ስሜት አይደለም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ጥያቄ ለማብላላት የሚረዳ ሀብት በውስጡ አለው። በአማርኛ ፎቶግራፍ «ይነሣል»፤ ባለሙያው «አንሺ»፣ ባለመልኩም «ተነሺ» ይባላል። ማንሣት የወደቀውን ማቆም፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ፣ የተረሳውን ማስታወስ ነው፤ የሰው ስም እንኳ በጨዋታ መካከል «ይነሣል»። ትንሣኤ የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ከዚህ ቃል ላይ «አ» ብትወርድ ግን «ነሣ» ይቀራል፤ ትርጉሙም ከለከለ፣ አሳጣ ይሆናል። ፊት ነሣው ሲባል ከሰው አልቈጠረውም፣ ጀርባውን ሰጠው ማለት ነው። አንሺው ፊትን ሊያነሣ ወጥቶ ፊት የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ቋንቋው በዚህ ብቻ ሳይወሰን ሦስተኛ መንገድም ያሳያል። «እጅ ነሣ» ማለት ጎንበስ ብሎ አክብሮቱን ገለጸ ማለት ነው። በአጭር አነጋገር እጅ ያልነሣ አንሺ ፊት መንሣቱ አይቀርም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የፎቶግራፍን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ጥበቡ ለዓለም በይፋ በተገለጸበት በ1839 እ.ኤ.አ. አንድ ምስል ለማስቀረት ደቂቃዎች ይወስድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሰው መልክ ማንሣት ሲቻልም የተነሺው ራስ እንዳይነቃነቅ ከኋላው በብረት ድጋፍ ይያዝ ነበር። በዚያ ዘመን ማንም ሰው ሳያውቅ ሊነሣ አይችልም ነበር፤ የመሣሪያው ዝግታ ራሱ የተነሺውን ፈቃድ ያስገድድ ነበር። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በኋላም ልጆቹ ሐይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ሲሠሩ ፎቶግራፍ መነሣት ልዩ ሥርዓት ነበር። ፎቶ ቤቶች በየክፍለ ሀገሩ ከተከፈቱ በኋላም ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጉሩን ተስተካክሎ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ካሜራው በስልክ ውስጥ ገብቶ በየኪሱ ይገኛል፤ በአንድ ሴኮንድ ከአሥር በላይ ምስል የሚያስቀሩ መሣሪያዎችም አሉ። መሣሪያው ሲፈጥን ፈቃድ መጠየቅ ከግዴታነት ወደ ምርጫነት ተሸጋገረ። ቀድሞ የሜካኒክ ሕግ ይጠብቀው የነበረውን ነገር አሁን የሚጠብቀው የአንሺው ኅሊና ብቻ ነው።

ኅሊና ሲጎድል ጥድፊያ ምን እንደሚያደርስ የአልጄሪያ ታሪክ ያሳያል። በ1960 እ.ኤ.አ. የአልጄሪያ ሕዝብ ለነፃነቱ በሚዋጋበት ጊዜ የቅኝ ገዢው የፈረንሳይ ጦር ለመንደር ነዋሪዎች መታወቂያ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ማርክ ጋራንዤ የተባለ ወጣት ወታደር በ10 ቀናት ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በቀን እስከ 200 እየሆኑ እንዲያነሣ ተደረገ። ሴቶቹ መሸፈኛቸውን እንዲገልጡ ተገደዱ። ፎቶግራፎቹ ዛሬም ሲታዩ የሚናገሩት ስለ መልክ ሳይሆን ስለ ቁጣ ነው፤ እነዚያ ዓይኖች መሣሪያ ባይዙም ይዋጉ ነበር። ጋራንዤም ኋላ ሥዕሎቹን በመጽሐፍ ያወጣቸው ለግፉ ምስክር ይሆኑ ዘንድ ነው። እነዚህ ፎቶግራፎች ጉርድ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። ጉርድ የሚለው ቃል የሚገልጸው ከደረት በላይ መቆረጡን ነው፤ በዚያ አኳኋን የተነሣ ፊት ግን ከአካሉ ብቻ ሳይሆን ከስሙና ከፈቃዱም የተጐረደ ነበር።

ጥድፊያው በቅን ልብ ሲሆንስ? በመጋቢት 1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት ችግረኛ እናት ከልጆቿ ጋር አይታ ወደ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይታ ጥቂት ፎቶግራፎች አነሣች። ከእነዚህ አንዱ የዚያን የድህነት ዘመን ታላቅ ምስል ሆነ። ላንግ ግን የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን የተባለችው ያቺ እናት በስሟ የታወቀችው ከ40 ዓመታት በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያን ጊዜም በምስሉ ማዘኗን፣ ከእሱም ያገኘችው ጥቅም አለመኖሩን ተናገረች። ላንግ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሥራዋም ለተራቡት ጠቅሟል። የጐደለው ስም ለመጠየቅ የሚበቃ ግማሽ ደቂቃ ነበር።

ይህ ታሪክ ለባቲ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ለዓለም ሲገለጥ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በተደገመ ጊዜ፣ የወሎ ሰው ፊት በዓለም ዙሪያ የረሃብ መታወቂያ ሆነ። የኬንያው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዓለም ከተሠራጨ በኋላ፣ ታላቅ የተረጂዎች መጠለያ የነበረባት ባቲም ካሜራ ከጎበኛቸው ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። እነዚያ ምስሎች እህልና መድኃኒት አምጥተዋል፤ ነፍስ አድነዋል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ከእነዚያ ፊቶች የሚበዙት ግን በስም አልተመዘገቡም። በዚያን ጊዜ ጥድፊያውን ያመጣው ሞት ነበር፤ ሞት ደግሞ ሰላምታ የሚጠብቅ አይደለም። ስለዚህ ጥድፊያ ሁሉ አንድ አይደለም። የመከራ ጥድፊያ አለ፤ የጨዋታ ጥድፊያ አለ። የመጀመሪያው የሚያመጣው ዳቦ ለአንዳንድ ጉድለቱ ይቅርታ ያስገኝለት ይሆናል። ሁለተኛው ግን የሚያመጣው ለአሸናፊው ሲኒ ቡና ብቻ ነው፤ በዚያ ሲኒ ስም ይቅርታ ሊጠይቅ አይችልም። ከባቲ ገበያተኞች መካከል ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩ የሚያስታውስ ሰው ካሜራውን ሲያነሣ እጁ ቀለል አይለውም።

አሁን ወደ ውርርዱ እንመለስ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ፈጣን ነው። ከሰው ትከሻ ጀርባ፣ ከእህል ክምር ማዶ እየሆነ ያነሣል። ቅቤ ሻጯ ሴት ድንገት ካሜራውን ስታይ የመሸፈኛዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳበች፤ እሱም በዚያች ቅጽበት ተኰሰ። ምስሉ ሲታይ ከአሥሩ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ሆነ፦ የጨርቁ እጥፋት፣ የጣቶቹ መወጠር፣ በግማሽ የተደበቀው ዓይን። ለዳኛ የሚቀርበው ከባዱ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ የውድድሩ ውብ ምስል «አታንሣኝ» የሚል ምስል ነው። ውበቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን የተሠራው ከእምቢታ ነው፤ እምቢታው ደግሞ ለአንሺው የተነገረ ቃል ነበር። ቃሉን ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ሰው ቃሉን ራሱን ለሽልማት ያቀርባል። የአልጄሪያ ሴቶች ቁጣ ዛሬ ምስክር ሆኖ የሚከበረው ግፉን ስለሚያጋልጥ ነው፤ የባቲዋ ሴት እምቢታ ግን የሚያጋልጠው ባለ ካሜራውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተወዳዳሪ አካሄዱ ሌላ ነው። ግመል የሚስበውን ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ሰላምታ ያቀርባል። በዚህ አገር ሰላምታ አንድ ቃል አይደለም። በኦሮምኛው «ነጋ» ማለትም ሰላም፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ እየተደጋገመ ይጠየቅበታል። አፋሮችም ዳጉ የሚሉት የዜና መለዋወጥ ሥርዓት አላቸው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በእውነት ይነጋገራሉ፤ «ቸኩያለሁ» የሚለው ሰበብ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም። በረሃ ላይ ውሃ ያለበትን፣ ግጦሽ የለመለመበትን፣ ሰላም የደፈረሰበትን አካባቢ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ጊዜ በጠበበበት ኑሮ ውስጥ ለሰላምታ የሚበቃ ጊዜ እንዲኖር ሕዝቡ ሥርዓት ሠርቶለታል። «አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ ላንሣዎት?» ይላል ወጣቱ። «አንሥተህ ምን ልታደርገው ነው?» ይላሉ ሽማግሌው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከ6ቱ ደቂቃዎች 4ቱ ያልቃሉ። ሽማግሌው ፊታቸው የሚፈታው ግን መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው። «ፊቱ ተፈታ» የሚለው አነጋገር ፊት የታሰረ ነገር መሆኑን፣ ቋጠሮውም በባለቤቱ እጅ መሆኑን ያስረዳል።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ፈቃድ የተጠየቀ ሰው አንገቱን ያቀናል፤ ነጠላውን ያስተካክላል፤ «የፎቶ ፊት» ያወጣል፤ እውነተኛው መልክ የሚገኘው ሳያውቅ ሲነሣ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መናቅ የለበትም፤ በሕዝብ መካከል የሚያልፈውን ሕይወት እንዳለ የያዙ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የገበያን ትርምስ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ከትርምሱ መካከል የአንድን ሰው ፊት ነጥሎ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ሰውየው ብቻውን ለተመልካች ይቀርባል፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ምስል ከባቲ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ይዞራል፤ ያልተናገረው ቃል ሊለጠፍበት፣ ያልዋለበት ሥፍራ እንደዋለ ሊነገርበት ይችላል። ከዚህም በላይ ሰው ለመነሣት ብሎ የሚያስተካክለው መልክ ሐሰት አይደለም። ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ማወቅም ስለ እሱ እውነት ማወቅ ነው። ስለ ምስል መነሣት የእስልምና ሊቃውንት አስተያየት ልዩ ልዩ መሆኑም መረሳት የለበትም፤ እምቢ የሚል ሰው እምቢታው ከእምነቱ ሊመነጭ ይችላልና ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድም።

ፈቃድ መጠየቅ ብቻውን ነገሩን ይጨርሰዋል ማለት ግን አይደለም። በወሎ ምድር እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው። ይሉኝታ የሚባለው ኃይል «እሺ» የሚለውን ቃል ከልብ ሳይሆን ከአፍ ብቻ ሊያወጣው ይችላል። በተለይ ጠያቂው ከተማ ቀመስ፣ ካሜራ የያዘ፣ የቸኮለ ሲሆን፣ ተጠያቂዋ ደግሞ ገበያዋ ያልቀናት ችግረኛ ስትሆን በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ሚዛን እኩል አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሌላ ፈተና ገጠመው እንበል። አንዲት እናት «እሺ» አለችው፤ ነገር ግን ዓይኗ ወደ መሬት ወርዶ፣ እጇ የልጇን ትከሻ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ቃሏ ፈቅዷል፤ ፊቷ አልፈቀደም። እሱም አመስግኖ ካሜራውን አወረደ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። የዚያችን እናት እምቢታ ያየው ምን ዓይነት ዓይን ነው? የጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ነው። የከንፈርን ውጥረት፣ የእጅን መጨበጥ፣ የዓይንን መውረድ ሳያስተውል የሰውን መልክ አሳምሮ ማንሣት የሚቻለው የለም። እምቢታን ማየት የማይችል ሰው ፈገግታንም በትክክል አያይም፤ የሚያየው ብርሃንና ቅርጽ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥነ ምግባር ከውጭ መጥቶ በጥበብ ላይ የሚጫን ቀንበር አይደለም፤ የጥበቡ የውስጥ ሕግ ነው። ፊትን ማክበርና ፊትን ማየት ሁለት ተግባሮች ይምሰሉ እንጂ ሥራ ላይ ሲውሉ አንድ ናቸው።

ከዚህ በመነሣት የወዳጅነት ውድድር ይቅር ማለት አይገባም፤ ይልቁንም ሦስተኛው ወገን የሚገባበት ውድድር ሊሆን ይገባዋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ቢሆን የጊዜ ጥበቱ በካሜራው ሥራ ላይ ብቻ ይወድቃል እንጂ ሰውየው ላይ አይወድቅም። ስሙን ለመናገር የፈቀደ ተነሺ ስሙ ከምስሉ ጋር ቢመዘገብ ፊቱ አይጐረድም። የታተመው ፎቶግራፍ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ለባለቤቱ ቢሰጥ ገበያው ውርርዱን ያስታውሰዋል፤ አንሺውም በድጋሚ ሲመጣ እንግዳ አይሆንም። እምቢ የተባለበት ጊዜም እንደ ኪሣራ ባይቆጠር ተወዳዳሪው ጀርባ ጀርባውን የሚያነሣበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ ለፎቶ ክበብ መሪዎች፣ ለትምህርት ቤት መምህራን፣ ለባህል ሠራተኞች ከባድ ትእዛዝ አይደለም። በአገራችን ካለፉት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ የኢትዮጵያን መልክ በኢትዮጵያውያን ዓይን ለማሳየት የሚደረገው ጥረት እያደገ ነው፤ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. ያስጀመረችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ዐውደ ርእይ ለዚህ አንድ ምልክት ነው። የካሜራው ባለቤት መለወጥ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የገዛ ወገኑን ፊት የሚነሣ አገሬ ሰው ከባሕር ማዶ ከመጣው አይሻልም።

ሰዓቱ ሲያበቃ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ አሥር ምስል፣ ሁለተኛው ሰባት ምስል ይዘው ቢገናኙ በውርርዱ ሕግ ሁለተኛው ተሸንፏል፤ ቡናውንም ይከፍላል። ሕግ ሕግ ነውና አያጉረመርምም። ነገር ግን ቡናው እስኪፈላ ሁለቱም በገበያው መሐል ተመልሰው ቢያልፉ አንዱን የሚጠሩት ሰባት ሰዎች አሉ፤ ሌላውን የሚያውቀው የለም። ግመል የሚስቡት ሽማግሌ ከሩቅ እጃቸውን ያነሣሉ። ወጣቱም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል።